ሳቅ ያለፈበት አስፋልት

«ተረት ተረት» ብዬ «የላም በረት» አላሰኛችሁም፤ ዛሬ የማወራላችሁ ነገር አስፋልት አለው፣ ኩርባ አለው፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ አለው። ፓስፖርትና የጉዞ ገንዘብ ያለው ሰው ሄዶ ሊረግጠው ይችላል። በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች በአንዲት ክፍት መኪና አለፉ፤ አገሬው ሁሉ ሳቀ፤ በመጨረሻው ኩርባ ላይ ሳቁ ጉሮሮው ውስጥ ቀረ።

ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ የማወራላችሁ ፊልም የእነሱ ነውና። የመጀመሪያዋን ቀን ግን በእኛ ልንገራችሁ፦ ነሐሴ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.። በነሐሴ ጂማ ምን እንደምትመስል ለእናንተ አይነገርም። ዝናቡ የጅሬንን ኮረብታ ሸፍኖታል፣ ክርስቲያኑ ፍልሰታን ይዟል፣ የሊሙና የጌራ መንገድ ጭቃ ሆኗል፣ ቡናው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። በዚያችው ቀን ሮም ላይ ፀሐይ አናት ትበሳለች። በእነሱ ኦገስት 15 ቀን 1962 መሆኑ ነው፤ ፌራጎስቶ ይሉታል። ከአውግስጦስ ቄሣር ዘመን የመጣ የዕረፍት በዓል ነው፤ ኋላ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ዕርገት አከበረችበት። እኛ የምንጾምላትን እመቤት እነሱ ባሕር ዳር ወርደው ይዋኙላታል።

ታዲያ በዚያ ቀን ሮም ውስጥ ሰው የለም። ቡና ቤቱ ዝግ፣ ትንባሆ መሸጫው ዝግ፣ መዝጊያው ሁሉ ቁልቁል የወረደ። ይህን ለማየት ሮም መሄድ አያስፈልግም፤ በመስቀል ሰሞን መርካቶ የገባ ሰው ያውቀዋል። ጉራጌው ሱቁን ቆልፎ፣ ለእናቱ ልብስ፣ ለልጆች ጫማ ሸክፎ፣ በዚሁ በእኛው በጂማ መንገድ ወደ ወልቂጤ ሲተም፣ ያ የሰው ጎርፍ የማይነጥፍበት ገበያ የራስን ኮቴ ያሰማል። የሮማው ሰው የሚለየው ወደ እናቱ ጓሮ ሳይሆን ወደ ባሕር በመውረዱ ነው።

ሮም ሰሜን ምዕራብ፣ ከሞንቴ ማሪዮ ኮረብታ ጎን፣ ባልዱይና የሚባል ሰፈር አለ። በዚያን ዘመን አዳዲስ ፎቆች የበቀሉበት፣ ቀለሙ ያልደረቀ የመካከለኛ ገቢ ሰዎች መኖሪያ ነበር። ከእነዚያ ፎቆች በአንዱ አንድ የሕግ ተማሪ መጽሐፉን ዘርግቶ ተቀምጧል። ኪቶ ፉርዲሳ የቴክኖሎጂ ግቢ የተማራችሁ ሁሉ ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ። የዶርም ጓደኞቹ ለበዓል አውቶቡስ ተሳፍረው ሲሄዱ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ላንብብ» ብሎ የሚቀረው ነው። ሦስት ገጽ አንብቦ በመስኮት የሚያይ፤ ደግሞ ሦስት ገጽ። ፊት ለፊት የምትኖር ልጅ ወዷል፤ አንድ ቀን እንኳ ሰላም አላላትም። ስሙ ሮቤርቶ ነው።

ሮቤርቶ በመስኮት ብቅ ሲል አንዲት መኪና ከሥሩ ቆመች። ሾፌሩ አርባ የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ብሩኖ ይባላል። ሲጋራና ስልክ ፍለጋ ከተማውን ሲያስስ ቆይቶ አንድም ክፍት በር አላገኘም። ሽቅብ ተጣርቶ ስልክ ደውልልኝ አለ፤ ልጁም ግባና ራስህ ደውል አለው። እነሆ ጥፋቱ! ለአንድ ስልክ የገባው እንግዳ ልጁን ይዞት ወጣ። ለአንድ መጠጥ የተባለው ወደ ምሳ ዞረ፣ ምሳው ወደ እራት፣ እራቱም ሁለት ቀን ሆነ።

ፊልሙ «ኢል ሶርፓሶ» ይባላል፤ ቀድሞ ማለፍ፣ መንገድ ላይ ሌላውን መኪና መቅደም ማለት ነው። ያዘጋጀው ዲኖ ሪዚ ነው። ጽሑፉን ከኤቶሬ ስኮላና ከሩጄሮ ማካሪ ጋር ሠራ፤ ገንዘቡን ማሪዮ ቼኪ ጎሪ አወጣ፤ ብሩኖን ቪቶሪዮ ጋስማን፣ ሮቤርቶን ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ትረንቲኛን ተጫወቱት። ጥቁርና ነጭ ነው። ይህን በዚሁ እንለፈውና ወደ አስፋልቱ እንውረድ፤ የኔ ወሬ የቦታ ወሬ ነው።

ባዶ ሮምን እንዴት ትቀርፃለህ? ያኔ እንደ ዛሬው በኮምፒውተር ሰውና መኪና ማጥፋት የለም። ማዘጋጃ ቤትም ቢለመን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርበትን ከተማ ቤትህ ግባ አይልልህም። ሪዚ ያደረገው በዓሉን መጠበቅ ነው። ቀኗ በዓመት አንዴ የምትመጣ ስለሆነች ካሜራውን ያን ጠዋት አስፋልት ላይ ማቆም ነበረበት። ጭንቁ ምን መሰላችሁ? ከሁለቱ ተዋንያን ሁለተኛው ገና አልተገኘም! እንደሚተረከው ሪዚ አንድ ሌላ ወጣት ከጋስማን ጎን አስቀምጦ፣ ከሩቅና ከጀርባ እየቀረፀ ጀመረ። ኋላ ዋናውን ተዋናይ ሲፈልጉ መለኪያቸው ከዚያ ምትክ ወጣት ጋር መመሳሰሉ ሆነ፤ ትረንቲኛን በመልክ ገጠመላቸው። በዓለም ሲኒማ ስሙ ከሚጠራ ሰው ዕጣ ጀርባ የአንድ ስሙ የማይነሳ ልጅ ማጅራት አለ ማለት ነው። የትረንቲኛን ድምፅም የራሱ አይደለም፤ ጣሊያኖች ያን ጊዜ ንግግሩን ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዱ ስለነበር፣ ፓኦሎ ፌራሪ የተባለ ጣሊያናዊ ተናግሮለታል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። በዚያች ባዶ ጠዋት፣ በዚያች ባዶ ከተማ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ የእኛው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። በ1937 ተወስዶ የተተከለበት፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ይሆን ዘንድ ከታሰበውና ኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከገባበት ሕንፃ ፊት ለፊት። ሮማዊው ሁሉ ለበዓል አገሩ ሲገባ እሱ ብቻ አገሩ አልገባም። ለመግባት እስከ 2005 ጠበቀ። ይህ ፊልሙ ውስጥ የለም፤ እኔ ነኝ የማየው።

አሁን መኪናዋ። መኪናዋ ላንቺያ አውሬሊያ ቢ 24 ነች፤ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ቅርጿን የፒኒንፋሪና ቤት ያወጣላት። የአውሬሊያ ዘር ሁሉ የሚታወቀው ስድስት ሲሊንደሩ በሁለት ረድፍ እንደ V ፊደል ተከፍቶ በተሠራ ሞተሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር ለገበያ በሰፊው በተመረተ መኪና ላይ ሲውል የመጀመሪያው ነበር፣ በ1950። ይህች ክፍቷ ዓይነት የተሠራችው 521 ብቻ ነች። ዛሬ በጨረታ ስትቀርብ በመቶ ሺዎች ዩሮ ትጠራለች። ብሩኖ ግን እንደ ጂማ ባጃጅ ነው የሚነዳት። ቀኙንም ግራውንም ይቀድማል፣ ፍሬን የሚይዘው መሳደብ ሲፈልግ ነው፣ ክላክሱም ከሩቅ የሚለይ ዜማ ያለው ነው።

ላንቺያዎች በዚያ ዘመን መኪናዎቻቸውን በጥንታዊ የሮም ጎዳናዎች ስም ይጠሩ ነበር፤ አፒያ፣ ፍላሚኒያ፣ አውሬሊያ እያሉ። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ አውሬሊያ በአውሬሊያ ላይ ትነዳለች። ጎዳናው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ለጦር ሠራዊት የተጠረገ ነው፤ ከሮም ወጥቶ በስተ ግራ ባሕሩን እያስከተለ ወደ ሰሜን ይወጣል። በ1962 የፀሐይ ጎዳና የሚባለው ትልቁ የፈጣን መኪና መንገድ ከሚላን ወደ ኔፕልስ ገና እየተሠራ ነበር፤ ያለቀው በ1964 ነው። ሪዚ ግን አሮጌውን መረጠ። በፈጣኑ መንገድ ላይ ሰው አታገኝም፤ በአሮጌው ላይ ብስክሌተኛ አለ፣ ሊፍት የሚለምን ገበሬ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ዓሣ ቤት አለ፣ ሬሳም አለ። ኮሜዲ የሚገኘው መንገዱ ሲጠብና ሲያቆምህ ነው። ጊቤ በረሃ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ የተጎተተ ሰው ይመሰክርልኛል።

መጀመሪያ ከሮም ወጣ እንዳሉ መንገድ ዳር የቆሙ ካህናት አገኙ። የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ጎማቸው ተንፍሷል፤ ጣሊያንኛ አይችሉም። ምን ይሻላል? በላቲን ክሪክ ለመኑ! አንድ መነኩሴ ወልቂጤ መግቢያ ላይ መኪናችሁን አስቁሞ በግዕዝ የጎማ ማንሻ ቢጠይቃችሁ እንደማለት ነው። ብሩኖ አፉን ከፈተ። የሕግ ተማሪው ግን ትምህርቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመው፤ በላቲን «የለንም» ብሎ መለሰላቸው። ሄዱ።

ቺቪታቬኪያ ደረሱ። የሮም ወደብ ናት፤ ወደ ሰርዲኒያ የሚሻገር መርከብ የሚነሣባት፣ በጥንቱ በትራያኖስ ቄሣር ዘመን የተሠራች። ምሳ የበሉት እዚህ ነው። ካሜራው ወደቡን፣ የዓሣ ምግብ ቤቱን፣ የሚተራመሰውን በዓለኛ ያሳየናል። ቦታው ዛሬም ወደብ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ፎቅ የተቆለለ የቱሪስት መርከብ መቆሙ ነው። ብሩኖ እዚህ ምን አደረገ? አስተናጋጇን አሽኮረመመ፣ ሒሳቡን በሌላ ሰው ኪስ ሊከፍል አሰበ። ሮቤርቶም ወደ ኋላ የሚመለስ አውቶቡስ አሰበ። በዚህ ፊልም ውስጥ ልጁ ስንት ጊዜ «አሁንስ ልመለስ» እንደሚልና ስንት ጊዜ እንደሚቀር መቁጠር ለብቻው መዝናኛ ነው።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ግሮሴቶ አገር፣ ማሬማ ወደሚባለው ሜዳ። ከዚህ በፊት ረግረግና ወባ የነበረ፣ ኋላ ውኃው ተቀይሶ እርሻ የሆነ ምድር ነው። እዚህ የሮቤርቶ አጎት የገጠር ቤት አለ። ልጁ ክረምቱን ያደገበት ነው፤ መንገዱን ሙሉ ሲያወራለት የመጣው፣ ልቡ ውስጥ እንደ ታቦት ያስቀመጠው ቤት። እዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ ስሙ፤ ፊልሙ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት የለውም።

ገቡ። አክስቲቱ አለች፣ አጎትዬው አለ፣ ጠበቃ የሆነው የአጎት ልጅ አለ፣ የእርሻው ኃላፊ አለ፣ አሮጌው አሽከር አለ። ብሩኖ ተቀመጠ፣ ወይን ቀመሰ፣ ዙሪያውን አየ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ልጁን ጠጋ ብሎ በጆሮው ነገረው፦ ያ ጠበቃ የአጎትህ ልጅ አባቱን አይመስልም፤ አይኑን፣ አነጋገሩን፣ እጁን የሚያወዛውዝበትን ሁኔታ እየው፤ የእርሻውን ኃላፊ ነው ቁርጥ። ልጁ ቀና ብሎ አየ። እውነት ነው። ሃያ ዓመት ሲያየው የኖረውን ነገር ያን ቀን አየው። አሽከሩም ቢሆን ልጁ ያላስተዋለው የራሱ ምሥጢር ነበረው፤ ብሩኖ ከበር ሲገባ ነበር የጠረጠረው። መጥፎ ሰው ነው አትበሉ። ሆን ብሎ የቤት ገመና የሚያወጣ አይደለም፤ ዓይኑ ስለማያፍር ብቻ ያያል። የሮቤርቶ ዓይን ግን በጨዋ ልጅነት የተሸፈነ ነበር። ከዚያ ቤት ሲወጡ ሮቤርቶ የልጅነት አገሩን እዚያው ጥሎ ወጣ፤ ብሩኖ ደግሞ በዚያች ሩብ ሰዓት ከአክስቲቱ ጀምሮ ሁሉንም ወዳጅ አድርጎ፣ «ተመልሰህ ና» ተብሎ ወጣ።

መንገድ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቤትህን የምታውቀው ከእንግዳ ጋር ስትገባበት ነው። የጂማ ሰው ይህን ድሮ ያውቀዋል፤ ሂርማታ ገበያ ከሰሜን በሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ዓይን የተገመገመና የተሰፈረ ገበያ ነበርና።

እስቲ መኪናዋን ትንሽ እናቁማትና ወደ ራሳችን መንገድ እንይ። ከሮም እስከ ሊቮርኖ በአውሬሊያ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ጂማ 350 ገደማ ነው። ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ከዚያ ቁልቁል ጊቤ፣ ሽቅብ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ጂማ። ይህን መንገድ ለመኪና ይሠራ ብለው ካቀዱት ውስጥ እነዚያው የሮም ሰዎች ናቸው። ሙሶሊኒ በ1936 እንዲጠረጉ ካዘዛቸው የኢትዮጵያ መንገዶች አንዱ የአዲስ አበባ ጂማ ነበር፤ ጂማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርገው ሲኒማም፣ የገበያ ሕንፃም ሠሩባት። አምስት ዓመት ቆዩ፤ በጁን 1941 ከተማዋ ከእጃቸው ወጣች። ከ1951 ጀምሮ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገዱ የራሳችን ሰዎች ጉዳይ ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? የኢል ሶርፓሶ ጸሐፊ ኤቶሬ ስኮላ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1968፣ የራሱን የጉዞ ኮሜዲ አፍሪካ ውስጥ ሠራ። ርዕሱን ሙሉ ብነግራችሁ ቡናው ይበርዳል፤ ጠፍቶ የቀረ አማቹን ፍለጋ ከሮም የሚነሣ አሳታሚ ነው፣ አልቤርቶ ሶርዲ ነው የሚጫወተው። የት ሄዱ? አንጎላ። አገራቸው የተዋጋችውን፣ መንገዱን የጠረገችበትን፣ ካርታው በእጃቸው ያለውን ኢትዮጵያን ዘለው፣ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ሄደው ሳቁ። በእኔ ግምት አልሳቱም። የራስህ ቁስል ላይ የሚያስቅ ነገር ማግኘት ከባድ ነው፤ የሌላው ቁስል ላይ ይቀላል። ካሜራ ይዞ ወደ እኛ የመጣም አልጠፋም፤ አዘጋጁ ፓዞሊኒ የሺህ አንድ ሌሊት ፊልሙን ከቀረፀባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ፊልሙ በ1974 ወጣ። ግን ያ ተረት ነው፣ ሩቅ ዘመን ነው። አስፋልት የለበትም፣ ክላክስ የለበትም።

የጂማ መንገድ ታዲያ የራሱ ብሩኖ ሳይኖረው ቀረ ማለት አይደለም። ሁላችሁም አንዱን ታውቁታላችሁ፤ ወሊሶ ላይ ፍል ውኃ ካልታጠብን፣ ወልቂጤ ላይ ክትፎ ካልበላን ብሎ ተሳፋሪውን የሚያዘገይ፣ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ግን ያን ሁሉ ሰዓት ልመልሰው ብሎ ኩርባ ላይ የሚቀድም። ካሜራ ነው የጎደለው።

ወደ ጣሊያን እንመለስ። ማታ ሆነ፤ ሁለቱ ካስቲሊዮንቼሎ ደረሱ። ሊቮርኖ አውራጃ ውስጥ ያለች የባሕር ዳር መንደር ናት፤ የጥድ ጫካዋ እስከ ዓለቱ አፍ ይወርዳል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሠዓሊዎች ብርሃን ፍለጋ ይመጡባት ነበር፤ በሪዚ ዘመን ደግሞ የሲኒማ ሰዎች ክረምት ማሳለፊያ ሆናለች። ሶርዲ ራሱ እዚያ ቤት ነበረው። የብሩኖ ሚና መጀመሪያ ለሶርዲ ታስቦ ነበር ይባላል፤ ቢሳካ ኖሮ ሰውዬው ከቤቱ ደጃፍ ላይ በተጫወተ።

እዚህ የብሩኖ ሽፋን ተገለጠ። ሚስት አለችው፤ ከተለያዩ ቆይተዋል። ልጅ አለችው፤ ሊሊ ትባላለች፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ካትሪን ስፓክ ተጫውታታለች። ልጅቱ አባቷን የሚያህል፣ ከዚያም የሚበልጥ ሀብታም ሰውዬ ልታገባ ነው። አገሩን ሁሉ ቀድሞ ያለፈው ሰው እዚህ ቆመ። ሊቆጣ ፈለገ፤ በምን አፉ? ሌሊት መጥቶ ሌሊት የሚሄድ አባት ነው። በማግሥቱ ከሽማግሌው እጮኛ ጋር ፒንግ ፖንግ ተወራርዶ ተጫወተ። አባትነቱን በራኬት ሊያስከብር መሆኑ ነው። ባሕሩ ላይም በውኃ መንሸራተቻ ተንሸራትቶ ለሕዝቡ ታየ፤ አርባ ዓመቱን ካደ።

እነዚህን ትዕይንቶች ለቦታው ብላችሁ እዩዋቸው። ጃንጥላው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ሙዚቃ የሚጮህበት የዳንስ ወለል፣ ትዊስት የሚደንሰው ወጣት፤ ድሃ የነበረች አገር ድንገት ገንዘብ አግኝታ ምን ማድረግ እንዳለባት የጠፋት ጊዜ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ። የማቀዝቀዣና የመኪና ዘመን ገባ። ቀደም ሲል አውሬሊያ ላይ የተገለበጠ የጭነት መኪና አይተው ነበር፤ ሰውዬው ሞቶ ተሸፍኗል፣ የጫነው ዕቃ ሜዳ ላይ ተበትኗል። ብሩኖ ዕቃውን ነው ዋጋ የጠየቀለት። ተመልካቹ ያኔ ሳቀ። ሪዚ መጨረሻውን እዚያው ላይ ተናግሮ ነበር፤ የሰማው የለም።

በዚያው ቀን ከካስቲሊዮንቼሎ ተነሡ፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቪያሬጆ። ሮቤርቶ ልጅቱን ሊያያት ነው፣ ያችን የመስኮት ማዶዋን። ልጁ ተለውጧል። የትናንቱ «ቀስ በል» ቀርቶ ዛሬ «ጨምር፣ ቅደመው» እያለ ነው። በሕይወቱ ከዚህ ሁለት ቀን የተሻለ እንደሌለ ተናገረ። ሲናገር መኪናዋ ሮሚቶ የሚባለው የባሕር ዳር ገደል ላይ ገብታለች።

ይህን ቦታ በደንብ ልሣልላችሁ። ከክዌርቻኔላ መንደር እስከ አንቲኛኖ አውሬሊያ በተራራና በባሕር መካከል በምላጭ የተላጨ ያህል ጠባብ ሆኖ ይሄዳል። በስተ ቀኝ ቁጥቋጦ የለበሰ ተራራ፤ በስተ ግራ ቢጫማ ዓለት፣ ከሥሩ ባሕር። ካላፉሪያ ላይ ባሕሩን ይጠብቅ የነበረ አሮጌ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ዛሬ ከሥሩ ጠላቂዎች ይወርዳሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ወጣቱ ዓለቱ ላይ ተሰጥቶ ይሞቃል።

ከዚሁ ገደል ደቡብ በኩል አንድ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት ቆሟል፤ ካስቴሎ ሶኒኖ። ሲድኒ ሶኒኖ ማን እንደሆነ የዐድዋ ልጅ ሊያውቀው ይገባል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ጦሩን በእኛ ላይ ሲያዘምት የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር እሱ ነበር፤ ለዘመቻው ወጪ የሚሆነው ገንዘብ ከእሱ መዝገብ ያልፍ ነበር። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነው ሲሆን፣ ያ መንግሥት በቀናት ውስጥ ወደቀ፣ እሱም አብሮ ወረደ። ኋላ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። በ1922 ሞቶ የተቀበረው ከዚሁ ገደል ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ባሕር ባደረገ ዋሻ ነው። የብሩኖ መኪና በዚህ መቃብር አናት ላይ እየጮኸች አለፈች። ሪዚ ይህን አስቦት አይመስለኝም፤ የጣሊያን መንገድ ግን እንዲህ ነው፣ አንድ ኩርባ ስትዞር አንድ ታሪክ ይገጥምሃል።

አንዲት መኪና ከፊታቸው ነበረች። ብሩኖ ሊቀድም ወጣ፤ ልጁ እያበረታታው ነው። ኩርባ ነው። ከፊት ከባድ መኪና መጣ። ብሩኖ መሪውን ጠመዘዘ፤ ከመኪናዋ ተወርውሮ መሬት ላይ ቀረ። መኪናዋ ልጁን ይዛ ወደ ዓለቱ ወረደች።

ፖሊስ መጥቶ የሟቹን ስም ጠየቀ። ብሩኖ ሮቤርቶ ይባላል አለ። የአባቱን ስም ሲሉት አያውቀውም፤ የተገናኙት ትናንት ጠዋት ነው።

እናንተ ያልሳቃችሁ በዚህ አትዘኑብኝ፤ የኮሜዲ ገንዘብ አውጥቶ ሬሳ ማየትን ፕሮዲዩሰሩም አልወደደውም ነበር። ቼኪ ጎሪ የፈለገው ሁለቱ ሰዎች እንደ ተሳሳቁ ወደ አድማስ እየነዱ እንዲሄዱ ነው፤ ሕዝቡ ተደስቶ ይውጣ፣ ቲኬትም ይሸጥ። ሪዚ አሻፈረኝ አለ። ኋላ ሪዚ ሲያወራው እንደኖረ፣ ነገሩ በአየሩ ላይ ተወሰነ። የመጨረሻዋ የቀረፃ ቀን ቀርታለች፤ አየሩም ከፍቷል። ነገ ከዘነበ ቦታውን ነቅለን ወደ ሮም እንመለሳለን፣ ሞቱም ይቅር፤ ፀሐይ ከወጣ ግን መኪናዋን ገደል ክተታት ተባባሉ። በማግሥቱ ካላፉሪያ ላይ ፀሐይ ወጣ። መኪናዋን ገደል ከተቷት።

ፊልሙ ዲሴምበር 1962 ሮም ላይ ሲከፈት አዳራሹ ባዶ ነበር ይላሉ፤ ጥቂት ሰው ገባ፣ ቼኪ ጎሪም ከሪዚ ጋር በር ላይ ቆሞ አንጀቱ አረረ። የገቡት ጥቂቶች ግን ወጥተው አወሩ፤ ወሬው በቡና ቤቱ ዞረ፤ በሚቀጥሉት ቀናት ወረፋው አዳራሹን ዞረው። ጋስማን በዚሁ ሥራ ዴቪድ ዲ ዶናቴሎ የተባለውን የአገሪቱን ትልቁን የተዋናይነት ሽልማት ወሰደ። ቼኪ ጎሪ ደግሞ በፀሐይ የተሸነፈበትን ውርርድ ገንዘብ ሲቆጥርበት ኖረ።